ድምፃዊው ከባንዱ ጋር ነው የሚተነፍሰው፦ ስለ ቢግ ባንድ ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ አሜሪካ የቢግ ባንድ ዘመን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጸሐፊው ብዕራቸው ይጣፍጣል፤ ክሳቸው ግን ከባድ ነው። ቢግ ባንድ (ትልቁ የጃዝ ኦርኬስትራ) ጩኸት ነው ይላሉ። ሁሉም ነገር በወረቀት ላይ ስለሰፈረ ተጫዋቹ ከማሽን አይለይም፤ ድምፃውያኑ ለዓይን የተቀመጡ ጌጦች ነበሩ፤ ማይክሮፎን ባይኖር ማንም ባልሰማቸው፤ ሮክ መጥቶ ገላገለን፤ ለእኛ ጆሮም ባዕድ ነው። በተራ በተራ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ጩኸት ነው»

አሥራ ሰባት ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ መጮህ አያቅተውም፤ ይህን ማን ይክዳል። የተለመደው አሰላለፍ አምስት ሳክስፎን (ሁለት አልቶ፣ ሁለት ቴነር፣ አንድ ባሪቶን)፣ አራት ትሮምቦንና አራት ትራምፔት ነው፤ ፒያኖ፣ ጊታር፣ ቤዝና ድራም ይጨመሩበታል። በ1930ዎቹ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ 13 ወይም 14 ሰው ቢሆን ነው። ይህን ሁሉ ሰው አንድ ላይ የሚያቆመው ግን ከፊት የሚጮኸው ትራምፔት አይደለም፤ ጸሐፊው ጭራሽ ያላነሱት ከኋላ ያለው ጊታር ነው።

ጊታሪስቱ ፍሬዲ ግሪን በ1937 ወደ ፒያኒስቱ ካውንት ቤሲ ባንድ ገባ፤ በ1950 ከነበረች አጭር መቋረጥ በስተቀር እስከሞተበት እስከ 1987 ድረስ አልወጣም። ጊታሩ ከማጉያ ጋር አልተገናኘም። ክሮቹ ከአንገቱ ላይ ከፍ ብለው የተወጠሩ ነበሩ፤ ይህ ለጣት ሥቃይ ነው፣ ለድምፁ ግን ጉልበት ይሰጠዋል። በአንድ ሜዠር (ምቱ አራት አራት እየሆነ የሚቆጠርበት ክፍል) አራት ምት ይመታል፣ ያው ነው፣ ሌላ የለም። ኮርዱን (አብረው የሚሰሙትን ድምፆች) በእጁ ቢይዘውም ጥርት ብሎ የሚሰማው ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ የቀሩት ክሮች ታፍነው ምት ብቻ ይሆናሉ። ዛሬ ይህን የሚሞክሩ ጊታሪስቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ማጉያ ከፍተው ስድስቱንም ክር ሲመቱ ከታች ከቤዙ ጋር፣ ከመሃል ከፒያኖው ግራ እጅ ጋር ይጋጫሉ፤ ባንዱም ጭቃ ውስጥ እንደገባ ጋሪ ይከብዳል። የግሪን ጊታር ዝም ሲል ነው ለካ እንደነበረ የሚታወቀው።

ድራሙም እንዲሁ ነው። የቤሲ ድራመር ጆ ጆንስ ጊዜውን ከቤዝ ድራም (ከትልቁ ከበሮ) አንሥቶ ወደ ሃይሃት (በእግር ወደሚገጣጠሙት ሁለት ሳህኖች) አዛወረው። ቤዝ ድራሙ አልቆመም፤ አራቱንም ምት እየዳሰሰ፣ ጆሮ ሳይሆን ሆድ እንዲያውቀው አድርጎ ይሄዳል። ከዋልተር ፔጅ ቤዝ ጋር ሲገጥም ወለሉ የተነጠፈ ይመስላል።

ጩኸት ነው ለሚል ሰው የሚሰጠው ቀላሉ መልስ በ1957 በቤሲ ባንድ የተቀረጸው የአቀናባሪው የኒል ሄፍቲ «ሊል ዳርሊን» ነው። ሄፍቲ ሲጽፈው ፈጠን ያለ ነበር፤ ቤሲ ነው ያዘገመው። እስከ ዛሬ ድረስ ለየትኛውም ባንድ ፈተና ነው፤ ኖታው ስለሚከብድ አይደለም፣ በሁለት ምት መሃል ያለው ባዶ ቦታ ሰፊ ስለሆነ ሁሉም ሰው ቀድሞ መግባት ስለሚያምረው ነው። መድኃኒቱ እያንዳንዱን ምት በልብ ለሦስት ከፍሎ በሜዠር አሥራ ሁለት መቁጠር ነው። ባንዱ ከተንቀዠቀዠ ደግሞ ጥፋተኛው ድራመሩ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ሳክስፎኖቹ ናቸው፣ ረጅሙን ድምፅ እስከ መጨረሻው ሳይዙ ለትንፋሽ ስለሚቸኩሉ።

«ሁሉ ተጽፏል፣ ተጫዋቹ ማሽን ነው»

ወረቀት እንዳለ አለ። ነገር ግን ወረቀቱ ስዊንግን አይጽፍም። ሁለት ስምንተኛ ኖታዎች (አንድ ምት ለሁለት ሲከፈል) እኩል ሆነው ይታተማሉ፤ ሲጫወቱ ግን የመጀመሪያው ይረዝማል፣ ሁለተኛው ያጥራል። በመካከለኛ ፍጥነት ሁለት እጅ ለአንድ እጅ ያህል ነው፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ እኩል ሊሆን ይቀርባል። ፈጣኑን ዘፈን በዘገምተኛው ልክ የሚያዘልል ባንድ የፈረስ ጋሪ ድምፅ ያወጣል። ልኩን የሚወስነው መሪው ትራምፔት ነው፤ መሪው ትሮምቦንና መሪው አልቶ ከእሱ ይቀበላሉ። ለዚህ ነው ሦስቱ መሪዎች በየረድፋቸው መሃል፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ በአንድ መስመር የሚቀመጡት። ኖታ አብሮ መጀመር ለማንም አያቅትም፤ ባንድን ከባንድ የሚለየው ኖታውን አብሮ መጨረስ ነው። ሦስተኛው ትራምፔት ለግማሽ ምት ያህል ከዘገየ የጠራው ኮርድ ጭራ ያወጣል።

ወረቀት ራሱ ያልነበረባቸውም አሉ። የቤሲ ባንድ ከካንሳስ ሲቲ ሲወጣ አብዛኛው ቅንብሩ በተጫዋቾቹ ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ አንዱ ረድፍ አጭር ሐረግ ያነሣል፣ ሌላው ይመልስለታል፣ የተወደደው ይቀራል። በ1937 የተቀረጸው «ዋን ኦክሎክ ጃምፕ» የተሠራው እንዲህ ነው። ሁለቱን ቴነሮች፣ ሌስተር ያንግንና ኸርሼል ኢቫንስን፣ ጎን ለጎን ስሟቸው፦ አንዱ ቀላልና ተንሳፋፊ፣ ሌላው ወፍራምና የሚንቀጠቀጥ። ከአንድ ማሽን እንዲህ ዓይነት ሁለት ድምፅ አይወጣም።

ፒያኒስቱና ባንድ መሪው ዱክ ኤሊንግተን ደግሞ የጸሐፊውን ክስ ገልብጦ ነው የሚመልሰው። በኖታ ወረቀቶቹ ላይ ከመሣሪያው ስም ይልቅ የተጫዋቹ ስም ይገኛል፤ የጻፈው ለሰው ነበርና። በ1930 «ሙድ ኢንዲጎ»ን ሲያቀናብር ሦስት ድምፅ ብቻ ወሰደ፤ ከላይ የታፈነ (አፉ ላይ ማፈኛ የተገጠመለት) ትራምፔት፣ ከሥሩ በከፍተኛ ድምፁ የሚጫወት የታፈነ ትሮምቦን፣ ከታች ደግሞ በዝቅተኛ ድምፁ ክላሪኔት። ማንኛውም ተማሪ ክላሪኔቱን ከላይ ያደርገው ነበር። እንደ ልማዱ ብታስቀምጡት ዜማው ያው ነው፣ ያ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጭጋግ ግን ይጠፋል። ሃሪ ካርኒ ከ1927 ጀምሮ ኤሊንግተን እስከሞተበት እስከ 1974 ድረስ በባሪቶን ሳክስፎኑ አብሮት ነበር፤ ብዙ ጊዜ ለእሱ የሚሰጠው ድምፅ የኮርዱ መሠረት ሳይሆን ለባሪቶን የማይጠበቀው፣ ቀለም የሚሰጠው ድምፅ ነው። የትምህርት ቤት ባንዶች የኤሊንግተንን ኖታ አንድ ሳይስቱ ተጫውተው ኤሊንግተን የማይሆንላቸው ለዚህ ነው።

«ድምፃውያኑ ጌጥ ነበሩ»

እዚህ ላይ ልቆይ ነው፤ ጽሑፉ ክፉኛ የሳተው እዚህ ነውና።

መጀመሪያ እውነቱን እንስጣቸው። በ1930ዎቹ ድምፃዊት ሴት በቀሚስ አጊጣ ከባንዱ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ተራዋ እስኪደርስ ፈገግ ማለት ሥራዋ ነው። አሥር ኢንች ሸክላ በአንድ ፊቱ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው የሚይዘው፤ ባንዱ ዜማውን ይጫወታል፣ ድምፃዊው መሃል ላይ አንድ ዙር ይዘፍናል፣ ባንዱ ይዘጋል። ከሸክላው ላይ ስሙ ከተጻፈም በትንሽ ፊደል ነው። ድምፃዊቷ አኒታ ኦዴይ በ1941 የድራመሩ ጂን ክሩፓ ባንድ ስትገባ ቀሚሱን ትታ ወንዶቹ የሚለብሱትን የባንዱን ጃኬት የለበሰችው ይህን ስለጠላች ነው።

ግን ጌጥ የተባለችው ይህች ሴት ምን ታደርግ እንደነበር ተመልከቱ። በልጅነቷ ቶንሲል ሲወጣላት እንጥሏም አብሮ ተቆርጧል። እሷ ራሷ እንደተናገረችው በዚህ ምክንያት ረጅም ድምፅ ይዛ ማንቀጥቀጥ አልሆነላትም። እሷም ረጅሙን ኖታ ወደ አጫጭር ስምንተኛ ኖታዎች እየቆራረጠች ልክ እንደ ድራም ዱላ መደርደር ያዘች። ሮይ ኤልድሪጅ በትራምፔቱ ሲመልስላት ማን መሣሪያ ማን ድምፅ እንደሆነ ይምታታል።

መምታታቱ አዲስ አይደለም። በ1927 አደሌድ ሆል ከኤሊንግተን ጋር ቃል የሌለው ዜማ ቀርጻለች፤ ድምፅዋ ከታፈነው ትራምፔት እኩል እያጉረመረመ ክላሪኔቶቹን ይመልሳል። በተቃራኒው ደግሞ ኤሊንግተን በ1940 ለኩቲ ዊልያምስ ትራምፔት የጻፈው ኮንሰርቶ ዋና ዜማው ኋላ ግጥም ወጥቶለት የድምፃውያን ዘፈን ሆኗል። ትራምፔቱ የሚዘፈን ነገር ይጫወት ነበር፤ ሴትዮዋ ደግሞ የሚነፋ ነገር ትዘፍን ነበር።

ኤላ ፊትዝጀራልድ በኖቬምበር 1934 አፖሎ ቲያትር በአማተሮች ውድድር አሸነፈች፤ በ1935 ቺክ ዌብ ባንድ ገባች። ዌብ በጁን 1939 ሲሞት ባንዱን ማን መራው? ጌጧ። እስከ 1942 ድረስ በስሟ ሄዷል። ሳራ ቮን በ1943 ኧርል ሃይንስ ባንድ ስትገባ ድምፃዊትም ሁለተኛ ፒያኒስትም ነበረች፤ በኋላ ያንን ከአንዱ ኮርድ ወደማይጠበቀው ኮርድ የምትዘልበትን ድፍረት ያገኘችው ጣቶቿ መንገዱን ስለሚያውቁት ነው ብል አልተሳሳትኩም። ጂሚ ራሺንግ ከቤሲ ፊት ቆሞ ብሉዝ ሲጮኽ ትራምፔቶቹ ማፈኛ አያስፈልጋቸውም ነበር። ጆ ዊልያምስ በ1954 ገብቶ በዓመቱ የቀረጸው ብሉዝ ደግሞ ቤሲ በ1950 ወደ ስምንት ሰው አውርዶት በ1952 እንደገና የሰበሰበውን ባንድ በእግሩ አቆመው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ጌጥ የሚለው ቃል እዚህ ይሰበራል። ለወንድ ድምፅ በቢ ፍላት የተቀናበረ ዘፈን አለ እንበል። ድምፃዊት መጣች፤ የሷ ኪይ (ዘፈኑ የሚነሣበት ድምፅ) ኢ ፍላት ነው። አላዋቂ ቀጂ ሁሉንም በአራተኛ ከፍ ያደርገዋል። መሪው ትራምፔት በወረቀቱ ላይ ከመስመሮቹ በላይ ሁለት ቅጥያ መስመር ላይ ያለ ሲ ከነበረው ኤፍ ይሆንበታል፤ ያንን ማታ ሙሉ የሚነፋ ከንፈር ያለው ጥቂት ሰው ነው። በአምስተኛ ዝቅ ካደረገው ደግሞ ያው ሲ የላይኛው መስመር ላይ ያለ ኤፍ ይሆንና ብርሃኑ ይጠፋል፤ ትሮምቦኖቹም ከታች ተጠጋግተው ይደፈርሳሉ። ስለዚህ አቀናባሪው የአሥራ ሦስቱን የትንፋሽ መሣሪያዎች ድርድር እንደገና ይሠራል። ለአንዲት «ጌጥ» ሙሉ ቤት ፈርሶ ይሠራል ማለት ነው።

ከድምፃዊው ጀርባ ለሚገባውም ሕግ አለው። ሳክስፎኖቹ ከድምፃዊው በታች ወይም በዩኒሰን (ሁሉም በአንድ ድምፅ) ይሄዳሉ፤ ትራምፔትና ትሮምቦን ማፈኛ ያደርጋሉ፤ ማንም ድምፃዊው ባለበት ኦክታቭ (የድምፅ ከፍታ ክልል) ላይ የሚንቀሳቀስ ዜማ አይጽፍም። መለከቶቹ የሚመልሱት ድምፃዊው ሲተነፍስ፣ በሐረጉ መጨረሻ ባለው ክፍተት ነው። ድምፃዊው ሐረጉን ካስረዘመው ክፍተቱ ይዘጋል፣ መልሱም ቃሉ ላይ ይወድቃል። አቀናባሪው ኔልሰን ሪድል ለድምፃዊው ፍራንክ ሲናትራ ሲያቀናብር በዚህ ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ በጃንዋሪ 1956 በቀረጹት የኮል ፖርተር ዘፈን ውስጥ ባንዱ ቀስ እያለ ይከማቻል፣ ከዚያ የሚልት በርንሃርት ትሮምቦን ይፈነዳል፣ ከዚያ ሁሉም ለድምፃዊው ቦታ ይለቃል።

ትንፋሽ ራሱ የተሰረቀው ከመሣሪያ ነው። ሲናትራ ከ1940 እስከ 1942 ከትሮምቦኒስቱና ባንድ መሪው ቶሚ ዶርሲ ጋር ሲሠራ ከኋላው ሆኖ የሚያጠናው ትሮምቦኑን ነበር። ዶርሲ ዜማው ሳይቆረጥ በከንፈሩ ጥግ አየር ይሰርቅ ነበር። ሌላው ድምፃዊ በየአራት ሜዠሩ ሲተነፍስ ሲናትራ ስምንቱን በአንድ ትንፋሽ ያያይዘው ጀመር፤ ግጥሙ እንደ ንግግር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ሌላው ከምት ኋላ መዘግየት ነው። ድምፃዊቷ ቢሊ ሆሊዴይ ቃሉን ከምቱ ኋላ ትጥላለች፤ ጎትታ ጎትታ በመጨረሻ ትደርሳለች። የሚበላሸው ድራመሩ ሲያዝንላት ነው። እሱ ሊጠብቃት ዘግየት ይላል፣ እሷ ከሱ ኋላ ለመሆን ይበልጥ ትዘገያለች፣ በሁለተኛው ዙር ዘፈኑ ቆሟል። ቤዝ፣ ጊታርና ድራም ድምፃዊውን መከተል የለባቸውም፤ ገመዱ የሚወጠረው አንዱ ጫፍ ሲታሰር ነው።

«ማይክሮፎን ነው የፈጠራቸው»

ግማሹ ልክ ነው። በኤሌክትሪክ መቅረጽ በ1925 ከመጀመሩ በፊት ለስላሳ ድምፅ ከባንድ ፊት አይሰማም ነበር፤ አንዳንዱ በካርቶን ጥሩንባ ይዘፍን ነበር። ግን ማይክሮፎን መሣሪያ ነው፣ መጫወት ያስፈልገዋል። ድምፅ ሲጨምር ራቅ፣ ሹክ ሲባል ቀረብ፤ «ፕ» እና «ብ» ላይ አፍን ትንሽ ወደ ጎን። ይህን የማያውቅ ድምፃዊ በእያንዳንዱ «ፕ» ድምፅ ማጉያውን ያስደነግጣል።

«ሮክ ገደለው»

ዓመቶቹን ብቻ እንደርድር። በኦገስት 1 ቀን 1942 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር አባላቱ ሸክላ እንዳይቀርጹ ከለከለ። ከሸክላ ኩባንያዎቹ ዴካ በሴፕቴምበር 1943፣ ኮሎምቢያና ቪክተር በኖቬምበር 1944 ከማኅበሩ ጋር ተስማሙ። ድምፃውያን ግን የማኅበሩ አባል አልነበሩም፤ ኩባንያዎቹ ሲናትራን በ1943 ያለ አንድ መሣሪያ ከመዘምራን ጋር ቀረጹት። ሙዚቀኞቹ ዘምተዋል፤ ቤንዚንና ጎማ በራሽን ነው፤ ሸክላው የሚሠራበት ሙጫ ከእስያ አልመጣም። በ1944 ዳንስና ዘፈን ባለበት ቤት ሂሳብ ላይ 30 በመቶ ግብር ተጣለ፤ በዚያው ዓመት ወደ 20 ወረደ። ሳይዘፈን፣ ሳይጨፈር መሣሪያ ብቻ የሚሰማበት ቤት ከግብሩ ነፃ ነበር፤ ባለቤቱ አሥራ ስድስት ሰውና ድምፃዊት ትቶ አምስት ሰው ቢቀጥር ማን ይፈርድበታል? በዲሴምበር 1946 ዉዲ ኸርማን፣ ሃሪ ጄምስና ቶሚ ዶርሲ ባንዶቻቸውን በተኑ። ሮክ አገር ምድሩን የያዘው ከዚያ ከስምንት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ለሬሳ ጥይት መተኮስ ካልሆነ በቀር ገዳዩ እሱ አይደለም።

ሬሳውም አልተቀበረም። ጁላይ 1956 ኒውፖርት ላይ ፖል ጎንዛልቬስ በኤሊንግተን ባንድ መሃል ተነሥቶ 27 ዙር ብሉዝ በቴነሩ ነፋ። አንዱ ዙር 12 ሜዠር ነው፤ 324 ሜዠር ያለ ወረቀት። ማሽን ያሉት ይህን ነው።

«ለእኛ ጆሮ ባዕድ ነው»

ኤሊንግተን በኖቬምበር 1973 ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጥቷል፤ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ሜዳይ ተቀብሏል፤ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ሠርቷል። ይህ ግን የእንግዳ ነገር ነው። የበለጠ የሚቀርበን የክቡር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች አሠራር ነው፤ ደመወዝተኛ የሆነ ባለ መለከት ባንድ፣ ከፊቱ በየተራ የሚቆሙ ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማህሙድ አህመድ። ጃዝ ነበር አልልም። የአሠራሩ ቅርፅ ግን ያው ነው፦ አንድ ባንድ፣ ብዙ ድምፃዊ፣ ለእያንዳንዱ ኪይ የሚያመቻች አቀናባሪ።

ልዩነቱ ያለው ቅኝት ላይ ነው። ቲዝታ ሜጀር አምስት ድምፅ አለው፤ ግማሽ ድምፅ የሚባል ርቀት (በፒያኖ ላይ የሁለት ተጎራባች ቁልፎች ርቀት) በውስጡ የለም። የኤሊንግተን ጥቅጥቅ ያለ ኮርድ ግን ጣዕሙን የሚያገኘው ከግማሽ ድምፅ ግጭት ነው። አቀናባሪው አንዱን ሳክስፎን ከቅኝቱ ውጭ ካስገባው ዜማው ቲዝታነቱ ይሳሳል፤ ካላስገባው አምስቱ ሳክስፎኖች ማዶ ለማዶ የሚያስተጋቡ ይመስላሉ። የእኛ መለከቶች ብዙ ጊዜ በዩኒሰንና በኦክታቭ መሄዳቸው ድክመት ተደርጎ ሲወቀስ እሰማለሁ፤ ለእኔ የተሻለው መፍትሔ ነበር። አቀናባሪው ነርሲስ ናልባንዲያን ዕድሜውን የገፋው ሌላውን መፍትሔ ፍለጋ ነው።

አንዲት እርማት ቀርታለች። ጸሐፊው «ቢሊ ሆሊዴይ ከቤሲ ጋር የሠራችውን አልበም» ያወድሳሉ። እንዲህ ያለ አልበም የለም። በ1937 እና በ1938 መጀመሪያ አብራው ብትዞርም እሷ የአንድ ኩባንያ፣ ቤሲ የሌላ ኩባንያ ውል ነበረባቸው፤ የቀረው በ1937 ከሬዲዮ ሥርጭት ላይ የተያዙ ሦስት ዘፈኖች ናቸው። የቤሲን ሰዎች ከእሷ ጋር በጥሩ ጥራት መስማት የሚፈልግ በዚያው ዓመት በቴዲ ዊልሰን ስም የወጡትን ሸክላዎች ይፈልግ፤ ሌስተር ያንግ፣ ባክ ክሌይተን፣ ግሪን፣ ፔጅና ጆንስ እዚያ አሉ። ባንዱ ትንሽ ስለሆነ ያንግ ከቃሎቿ ጀርባ የሚያስገባት እያንዳንዷ ሐረግ፣ እሷ ስትተነፍስ ጠብቃ ስትገባ ትሰማለች።